የሚኤሶ ከሰል፦ ከባቡር ሐዲድ እስከ አስፋልት ዳር

ሚኤሶ ከአዲስ አበባ ወደ ጭሮና ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ከተማ ናት። በስተደቡቧ የጨርጨር ተራሮች ሽቅብ ይነሳሉ፤ በስተሰሜን ደግሞ መሬቱ እየዘቀዘቀ ወደ ሃላይደጌ ሜዳና ወደ አዋሽ ሸለቆ ይዘረጋል። ከተራራው እስከ ሜዳው ያለውን ምድር ለብሶት የኖረው ግራር ነው። ኢቱ ኦሮሞዎች፣ ኢሳና ሃውያ ሶማሌዎች፣ ራቅ ብሎም አፋሮች ከብትና ግመል የሚያረቡት በዚህ የግራር አገር ነው። ዝናብ ሲሰጥ ማሽላ ይዘራል፤ ዝናቡ ግን ከዓመት ዓመት የሚዋዥቅ በመሆኑ የአካባቢው ሰው ሙሉ ተስፋውን በእርሻ ላይ ጥሎ አያውቅም። የሚኤሶ ከሰል ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ግራርና ከዚህ የማያስተማምን ዝናብ ነው።

ከባቡሩ በፊት በዚህ ቆላ ከሰል ለገበያ የሚሠራ ሸቀጥ ነበር ለማለት የሚያበቃ ምክንያት የለም። ቤተሰቡ ቡና ለማፍላትና ዕጣን ለማጨስ የሚበቃው ፍም ከምድጃው ይገኝ ነበር። ምግብ የሚበስለው በደረቅ እንጨት ሲሆን እሱም ከወደቀ ቅርንጫፍ ይለቀማል። ማሽላ በሚዘራበት ቀበሌ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለአጥርና ለጎጆ ከዋለ በኋላ የተረፈው ለማገዶ ይሆናል። ለአርብቶ አደሩ ቁሞ ያለ ግራር ከተቆረጠ ግራር ይበልጥበታል። በበጋ ሣሩ ሲያልቅ ፍየልና ግመል የሚውሉት የግራር ቅጠልና ፍሬ ላይ ነው፤ ጥላውም ለሰውና ለጥጃ ማረፊያ ነው። ኦሮሞዎች ዳዳቻ የሚሉት ጃንጥላ መሳይ ግራር ስለዚህ የሚመለመል እንጂ ከሥሩ የሚጣል ዛፍ አልነበረም።

ይህን የለወጠው ሐዲዱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በገንዘብና በፖለቲካ ውዝግብ ለዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ እንደገና ተጀምሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ የተዘረጋው ሐዲድ የቆላውን ግራር መሐል ለመሐል ሰንጥቆ አለፈ፤ አፍደም፣ ሚኤሶና አሰቦት የጣቢያ ከተሞች ሆኑ። የጨርጨር ቡና ከደጋው እየወረደ ወደ ሐዲዱ ይመጣ ጀመር። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1920ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ ሳሉ አውራጃው ለሌላው አገር አርአያ እንዲሆን ታስቦ ነበርና አሰበ ተፈሪ (የዛሬዋ ጭሮ) በመንገድና በአስተዳደር ስትደራጅ በሥሯ ያለችው የቆላ ጣቢያ ሚኤሶም አብራ ደራች። ባቡሩ ለጨርጨር ደጋ የቡና መንገድ ሲሆን ለቆላው ደግሞ የከሰል መንገድ ሆነ።

ከሰሉን የሚጠራው ደንበኛ ያለው በሐዲዱ ሌላ ጫፍ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙም ሳትቆይ የእንጦጦና የአካባቢው ዛፍ አልቆ የማገዶ ጭንቅ ገባት። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እንጀራውን ጋገረ፤ ግንዱ ቤቱን ሠራ። ለቡና፣ ለወጥና ለብርድ የሚፈለገው ከሰል ግን ሌላ ነገር ነው። የባሕር ዛፍ ከሰል ቀላልና ቶሎ የሚያልቅ ሲሆን የግራር ከሰል ክብደት አለው፣ ፍሙ ይቆያል፣ ጭሱም ትንሽ ነው። ቡና ሦስቴ የሚፈላበት ቤት ሁሉ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ስለዚህ ደጋዋ ከተማ እንጨቷን ከራሷ ኮረብታ፣ ከሰሏን ከአዋሽና ከሐረርጌ ቆላ ማስመጣት ያዘች።

ከእንጨቱ ይልቅ ከሰሉ ሩቅ የሚጓዘው በክብደቱ ልክ በሚሰጠው ሙቀት ምክንያት ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ከአንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። እንጨት 300 ኪሎ ሜትር ተጭኖ ለከተማ ቢሸጥ ኪራዩን አይመልስም፤ ከሰል ግን ይመልሳል፣ ትርፍም አለው። በዚህ የተነሳ መጓጓዣ በደረሰበት ሁሉ የከሰል ገበያ ከከተማ እየራቀ፣ ደኑም ሐዲዱንና መንገዱን ተከትሎ እየሳሳ ይሄዳል። ይህ በሚኤሶ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። ሶማሊያ ውስጥ ግራር እየተከሰለ በመርከብ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይጫን ስለነበር የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በየካቲት 2004 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 2036 ንግዱን እስከ ማገድ ደርሷል።

አከሳሰሉ ራሱ በመቶ ዓመት ውስጥ ብዙ አልተለወጠም። አክሳዩ ግራሩን በመጥረቢያ ይጥላል፤ ግንዱንና ወፍራም ቅርንጫፉን በክንድ በክንድ እየቆራረጠ ለማድረቅ ጊዜ ካገኘ ለጥቂት ሳምንታት ይተወዋል። ከዚያ ጠፍጣፋ መሬት መርጦ ወፍራሙን ወደ መሐል፣ ቀጭኑን ወደ ዳር አድርጎ ይከምራል፤ በግንዶቹ መካከል የቀረውን ክፍተት በጭራሮ ይጠቀጥቃል። ክምሩን መጀመሪያ ሣርና ቅጠል፣ በላዩ ደግሞ አፈር ያለብሰውና በአንድ በኩል በተተወለት አፍ እሳት ይለኩስበታል። እሳቱ ከያዘ በኋላ አፉ ይደፈናል። ሥራው በእውነት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ እንጨቱ መንደድ የለበትም፣ መጥፋትም የለበትም። አክሳዩ የሚመራው በጭሱ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ነጭና ወፍራም ጭስ የእንጨቱ ውሃ ነው። ቀጥሎ ቢጫ ቢጫ የሚልና ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ይመጣል። ጭሱ ሳስቶ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ እንጨቱ ከሰል ሆኗል ማለት ነው፤ ያኔ አየር የሚያስገባው ቀዳዳ ሁሉ መዘጋት አለበት። ክምሩ እየበሰለ ሲሄድ ይረግባል፣ አፈሩም ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ነፋስ ከገባ ከሰሉ አመድ ስለሚሆን አክሳዩ ሌሊቱን ሁሉ አካፋ ይዞ ሲዞር ያድራል። ትንሽ ክምር ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ይፈጃል። ከቀዘቀዘ በኋላ ተፈርሶ በማዳበሪያ ከረጢት ይሞላል፤ ትላልቆቹ ጉማጆች ከከረጢቱ አፍ በላይ ቁልል ተደርገው በቅጠልና በጭራሮ ይያዙና በገመድ መረብ ይጠፈራሉ።

የዚህ ዘዴ ጉድለት በቁጥር ሲታይ ያሳዝናል። በአፈር ክምር ከ100 ኪሎ እንጨት የሚወጣው ከሰል አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው። በሴኔጋል የካሳማንስ አውራጃ ስም የሚጠራው የተሻሻለ ክምር፣ ከሥሩ የአየር መተላለፊያ እርብራብ፣ በጎኑም ከበርሜል የተሠራ የጭስ ማውጫ ያለው ሲሆን በሠለጠነ እጅ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይሰጣል። ልዩነቱ ለአንድ ከረጢት ከሰል የሚወድቀውን ዛፍ በግማሽ ገደማ ሊቀንሰው ይችላል ማለት ነው። ያም ሆኖ እንጨቱን በደንብ ማድረቅ ብቻውን፣ ያለ ምንም በርሜል፣ ከክምሩ የሚወጣውን ከሰል ከፍ ያደርገዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ የሚኖረው ሳይሳደድ ለሚሠራ ሰው ነው።

ንግዱ ከደረቅ ዓመታት መፍትሔነት ወደ ቋሚ መተዳደሪያ የተለወጠው በየተራ በመጡ ግፊቶች ነው። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ በሸለቆው የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ተስፋፉ። ለእርሻ የተወሰደው የወንዝ ዳር መሬት ለከረዩና ለኢቱ ኦሮሞዎች እንዲሁም ለአፋሮች ከብቶች የበጋ ግጦሽ የነበረ ነው። በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. ድርቁ ሐረርጌን ሲመታ የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን አጡ። ከብት ያለቀበት ቤተሰብ መንጋውን መልሶ እስኪያቆም ዓመታት ይፈጅበታል፤ በመሐሉ ያለ ካፒታል፣ በመጥረቢያና በጉልበት ብቻ የሚገኝ ገንዘብ ከሰል ነው። ድርቅ በተመላለሰ ቁጥር ወደ ከሰል የሚገባው ሰው ይጨምራል፤ ዝናብ ሲመለስ ግን ሁሉም አይወጣም። የጭነት መኪና ሲበዛ ደግሞ ጣቢያ ድረስ መሄድ ቀረ። ከረጢቱ በአህያ ወይም በግመል ተጭኖ አስፋልት ዳር ይቆማል፤ ሹፌሩ ቆሞ ይጭናል። ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ የሚታየው ከሰል የዚህ ለውጥ ውጤት ነው። አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ሥራ ሲያቆም የጣቢያ ከተሞቹ ገቢያቸውን አጡ፤ ከሰሉ ግን መንገዱን ቀድሞ ቀይሮ ነበር።

መንግሥታት ለዚህ የሰጡት ምላሽ በአብዛኛው ክልከላ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጡት የደን አዋጆች፣ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቀጥሎም የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 እና 542/1999 ደኑን በየዘመናቸው ከቆራጭ ለመጠበቅ ደንግገዋል። በተግባር ሕጉ የሚታየው ኬላ ላይ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ከሰል ይወረሳል፣ መኪናው ይቀጣል። ቁጥጥሩ ከአዲስ አበባ ምድጃ የሚመጣውን ፍላጎት ግን አልነካም። የከሰል ዋጋ የኬላውን ስጋት ጨምሮ ወደ ላይ ወጣ፤ ጭማሪውም ከአክሳዩ ይልቅ ለአጓጓዡና ለአከፋፋዩ ደረሰ። ከዚህም የከፋው ጉዳት በጫካው ላይ የደረሰው ነው። የሚሳደድ አክሳይ እንጨት አያደርቅም፤ እርጥቡን ቆርጦ በችኮላ ያከስላል፣ ጥቂት ከሰል ያገኛል፣ ስለዚህ ብዙ ዛፍ ይቆርጣል። ደን ለማዳን የታሰበ ክልከላ እንዲህ ሆኖ የዛፍ ብክነት ማባባሱ ከጠቅላላው ታሪክ ሁሉ የበለጠ የሚያንገበግብ ነው፤ ምክንያቱም አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር።

ከሚኤሶ ብዙም ሳይርቅ ዛፉ ያልጠፋበት ተራራ አለ። በአቡነ ሳሙኤል የተመሠረተው የአሰቦት ደብረ ወገግ ገዳም የሚገኝበት ተራራ በጽድና በወይራ ደን ተሸፍኖ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ ዙሪያው ቆላ በተራቆተበት ጊዜ እንኳ ደኑ ከሩቅ ጠቁሮ ይታያል። ደኑ በ2004 ዓ.ም. በእሳት አደጋ ክፉኛ ተጎድቷል። ሆኖም ለዘመናት የቆየው አጥር ተበጅቶለት አይደለም። ዛፉ የማን እንደሆነ፣ ማን ሊቆርጥ እንደሚችልና ለምን እንደሚቆረጥ የሚወስን ተቋም በቦታው ስለነበረ ነው። በሜዳው ግራር ላይ ይህን የሚወስነው ጥንት የጎሳ ሽማግሌዎች ሸንጎ ነበር፤ መሬቱ የመንግሥት ሲሆን የሽማግሌዎቹ ቃል እየላላ ሄደ፣ የመንግሥት ጠባቂም በያንዳንዱ ዛፍ ሥር ሊቆም አልቻለም።

በፍላጎት በኩል የተሠራው ሥራ ከኬላው የተሻለ ፍሬ አሳይቷል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የኬንያን ባለሸክላ የከሰል ምድጃ ለአገሩ እንዲስማማ አድርጎ ላቀች የተባለውን ምድጃ አወጣ። ከቆርቆሮ አካሉ ውስጥ የተገጠመው ሸክላ ሙቀቱን ይዞ ስለሚያቆይ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ለእንጀራ መጋገሪያ ደግሞ ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ተዘጋጀ፤ ሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድደው እሳት ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ ወደ ግማሽ ያወርደዋል። የእነዚህ ምድጃዎች ትልቁ ጥቅም አምራቾቻቸው በየከተማው ያሉ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጮችና አነስተኛ ማኅበራት መሆናቸው ነው። ነገር ግን ከተማ እያደገ፣ ኮንዶሚኒየም እየተሠራ፣ መብራት እየመጣ እየሄደ ሲቀጥል፣ በየቤቱ የተቆጠበውን በየዓመቱ የሚጨመረው ቤተሰብ ይበላዋል። ኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት እንኳ መብራት የጠፋ ዕለት ከሰል ይገዛል።

ሌላው ሙከራ ከአፋር በኩል የመጣ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በመካከለኛው አዋሽ ለጥላና ለነፋስ መከላከያ ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ከእርሻው ዳር አምልጦ ግጦሹን ወረረ። ፍሬው ለከብት ጣፋጭ ነው፤ ዘሩ በእበት እየወጣ ከብቱ በሄደበት ሁሉ ይበቅላል፣ እሾሁም መንገድ ይዘጋል። ቆርጦ ማጥፋት እንደማይቻል ሲታወቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በአሚባራና በገዋኔ ወረዳዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ከፕሮሶፒስ ከሰል እያመረቱ እንዲሸጡ ደገፈ። ሐሳቡ ድርብ ጥቅም ነበረው፤ ወራሪው ይቀንሳል፣ የአገሬው ግራር ደግሞ ያርፋል። ችግሩ የተፈጠረው ከረጢቱ ከታሰረ በኋላ ነው። የፕሮሶፒስ ከሰልና የግራር ከሰል በአንድ መኪና ላይ ሲሆኑ ለመለየት ስለሚያስቸግር ፈቃዱ ለግራር ከሰልም መሸፈኛ ሆነ፤ የአፋር ክልልም ምርቱን ለማገድ ተገደደ። በተጨማሪም ፕሮሶፒስ ከመሬት በታች ካልተቆረጠ ከጉቶው መልሶ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ላዩን ብቻ የሚቆርጥ አክሳይ ሳያውቅ ያባዛዋል። ሐሳቡ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። እንጨቱ ከማን መሬት እንደተቆረጠና ማን እንዳከሰለው ከጫካው እስከ ገበያ የሚከታተል አሠራር ቢኖረው ለሚኤሶ ቆላም ይጠቅማል።

ከሰል ያለ ደን ጥፋት ሊመረት እንደሚችል በኢትዮጵያ ውስጥ በተግባር የታየው ከሐረርጌ ርቆ፣ በአማራ ክልል አዊ ዞን ነው። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚሉትን አካሲያ ዲከረንስ በራሳቸው ማሳ ላይ ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘሩበታል፤ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳሉ፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ውስጥ ዛፉን ቆርጠው እዚያው ያከስሉና እንደገና ይተክላሉ። አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ያለው መሬት በዚህ ዑደት ገንዘብ መስጠት ጀመረ፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ በወረዳው የዛፍ ሽፋን መቀነሱ ቀርቶ ጨመረ። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ዛፉን መምታቱ አንድ ዝርያ ብቻ መትከል ያለውን አደጋ አሳይቷል፤ ገበሬው ግን ዛፍ የሚተክለው የራሱ በመሆኑ እንደሆነ ጥርጥር የለውም።

ዲከረንስ የደጋ ዛፍ ስለሆነ እንዳለ ተነቅሎ ሚኤሶ ላይ አይተከልም። ለቆላው የሚቀርበው ምሳሌ የወላይታው ሁምቦ ነው። እዚያ በከሰልና በግጦሽ የተራቆተ ተራራ ላይ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር ለሰባት ማኅበራት ተሰጠ። ሥራው በዋናነት ችግኝ መትከል አልነበረም፤ በሕይወት ካለ ጉቶና ሥር የሚወጣውን ቀንበጥ መርጦ መመልመልና ከብት እንዳይገባበት መከልከል ነበር። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በኪዮቶ ስምምነት ሥር ተመዝግቦ ማኅበራቱ ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝተዋል። በሚኤሶ ቆላም ከተቆረጠው ግራር ብዙው ከሥሩ ሕይወት አለው። ቀንበጡን የሚጨርሱት ፍየሎችና መልሶ የሚመጣው መጥረቢያ ናቸው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በሚኤሶ ወረዳም የተራቆተ መሬት እየከለለ እንዲያገግም የሕዝብ ሥራ አሰማርቷል።

በሚኤሶ ይህን ሥራ የሚያከብደው የመሬቱ ባለቤትነት ነው። ግጦሹ የጋራ ነው፤ ኦሮሞና ሶማሌ፣ ራቅ ብሎም አፋር በየወቅቱ ይገናኙበታል። በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ያለው ወሰን በ1997 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ቢደረግበትም ቀበሌዎቹ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክሩ ኖረዋል፤ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በሁለቱ ክልሎች ወሰን የተነሳው ግጭት ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። ነገ የማን እንደሚሆን በማይታወቅ መሬት ላይ ግራር እስኪያድግ የሚጠብቅ ሰው አይገኝም፤ እኔ ባልቆርጠው ሌላው ይቆርጠዋል የሚለው ስሌት እውነት ሆኖ ይቀራል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግልና የመንግሥት ደን ከሚሉት ጎን የማኅበረሰብና የማኅበር ደንን በሕግ አውቋል። ይህ ለሚኤሶ የሚጠቅመው በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሳዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ደን በጋራ ስማቸው ሲመዘገብና ከደረቀና ከተመለመለ እንጨት በፈቃድ አክስለው ያለ ስጋት የሚሸጡበት በር ሲከፈት ነው።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ግንባታ ለሁለት የቻይና ተቋራጮች ሲከፈል መገናኛው ሚኤሶ ነበረች፤ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ አንዱ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ሌላው ሠራው። አዲሱ ባቡር በዋናነት የሚያመላልሰው የወደብ ዕቃና ኮንቴይነር በመሆኑ በየጣቢያው ቆሞ የመንደር ጭነት ሲያነሳ አይታይም። የቆላው ከሰል ዛሬም አስፋልት ዳር ቆሞ የሚጠብቀው የጭነት መኪና ነው፤ በጭሮ፣ በአዋሽና በአዲስ አበባ ያለው ገዢም ግራሩን ከባሕር ዛፉ አስበልጦ ይከፍልበታል።